ርእሱን መጨረሻ ላይ ጻፉት፦ ለጅማ ጀማሪ ዘጋቢዎች

ልጆቼ፣

በቴሌግራም ገጻችሁ ከጎረቤት ገጽ ለመቅደም የምትሻሙት ሽሚያ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 ዊልያም ራንዶልፍ ኸርስት ኒው ዮርክ ጆርናል የተባለውን ጋዜጣ ገዝቶ በ1 ሳንቲም ሲሸጥ፣ የተፎካካሪው የጆሴፍ ፑሊትዘር ጋዜጣ ዎርልድ 2 ሳንቲም ነበር። በዓመቱ ፑሊትዘርም ወደ 1 ሳንቲም ወረደ። ዋጋው ሲተካከል ፉክክሩ ወደ ርእስ ጩኸት ዞረ። በ1898 ሜይን የተባለችው የአሜሪካ የጦር መርከብ ሃቫና ወደብ ላይ ፈንድታ ከ250 በላይ ሰው ሲያልቅ፣ ጆርናል ምርመራው ሳይጠናቀቅ የጠላት ሥራ ነው አለ፤ ወንጀለኛውን ለሚጠቁምም 50,000 ዶላር ሽልማት አወጀ። ሽልማቱ ራሱ ፍርድ መሆኑን አስተውሉ፤ ወንጀለኛ መኖሩ ገና አልታወቀም ነበርና። በ1976 የወጣ ጥናት እሳቱ ከመርከቧ ከራሷ የከሰል ማከማቻ ሳይነሣ እንዳልቀረ አመለከተ። በመካከሉ ግን የአሜሪካና የስፔን ጦርነት ተካሂዶ አልቋል።

በእኛ ከተማ አደጋው ያለው ቡና ላይ ነው። «የቡና ዋጋ አሽቆለቆለ» የሚል ርእስ ጠዋት ቢወጣ፣ ደንግጦ ከሰዓት በርካሽ የሚሸጥ ገበሬ አለ። ስህተቱ ብዙ ጊዜ ከመለኪያ ይመጣል። አንዱ ነጋዴ በኪሎ ይነግራችኋል፣ ሌላው በፈረሱላ፤ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። አንዱ የእሸት (ገና ያልደረቀ ቀይ ፍሬ) ዋጋ ይነግራችኋል፣ ሌላው የጀንፈል (ከነልጣው የደረቀ ቡና)። ለ1 ኪሎ የታጠበ ቡና ከ5 እስከ 6 ኪሎ እሸት ስለሚያስፈልግ፣ የትናንቱን የታጠበ ከዛሬው እሸት ጋር ያነጻጸረ ዘጋቢ ያልነበረ ውድቀት ይፈጥራል። ስለዚህ ከቁጥሩ ጎን ዓይነቱን፣ መለኪያውን፣ ገበያውንና ቀኑን ጻፉ። አንዱ ከጎደለ አታውጡት፤ ሌላው ገጽ ቢቀድማችሁም ይቅደም።

ሁለት ሰው ነገረኝ ስትሉ ሁለቱም ከማን እንደሰሙ ጠይቁ። ከአንድ ሰው ከሰሙ ምንጫችሁ አንድ ነው። የሚከሰሰውን ሰው ከመለጠፋችሁ በፊት ደውላችሁ አነጋግሩት፤ ስልኩን ካላነሣ በስንት ሰዓት እንደደወላችሁ መዝግቡ።

ርእሱን መጨረሻ ላይ ጻፉ። ከዚያ በእጃችሁ ሸፍናችሁ ዝርዝሩን ብቻ አንብቡ፤ በዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ቃል ርእሱ ላይ ካለ ሰርዙት። «ተጋለጠ»፣ «ጉድ ፈላ» የሚባሉት አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ይወድቃሉ።

ከተሳሳታችሁ ልጥፉን በዝምታ አታጥፉ። ቀድሞ ወደ ሌሎች የተላለፈው ቅጂ እናንተ ስታርሙ አብሮ አይታረምም። ስለዚህ እርማቱን ራሱን ችሎ ለጥፉ፤ የተሳሳተውን ቁጥርና ትክክለኛውን በመጀመሪያው መስመር ላይ አስቀምጡ።