አንድ ወታደር ጎድሎባችሁ ስትጫወቱ

ውድ ልጆቼ፣

ቼዝ ማስተማር ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ልጆች ይቀያየራሉ፤ አንድ ጥያቄ ግን አይቀየርም። «ጋሼ፣ በጥቁር ቶሎ የሚያሸንፍ ጋምቢት ያሳዩኝ» ይሉኛል። ጋምቢት ማለት ጨዋታው ሲጀመር ለጥቅም ሲባል ወታደር አስበልቶ መጫወት ነው። ጥያቄውን እወደዋለሁ። ጥቁር ስለደረሰው ብቻ አንገቱን ደፍቶ መከላከል የማይፈልግ ልጅ ደስ ይለኛል። እኔም በእናንተ ዕድሜ እንደዚያው ነበርኩ። ስለዚህ ጋምቢት አትጫወቱ ልላችሁ አይደለም። ተጫወቱ። የትኛውን እና እንዴት የሚለውን ግን እናውራው።

መቼም ወታደር በነጭ መስጠትና በጥቁር መስጠት አንድ አይደለም። ነጭ ቀድሞ ስለሚንቀሳቀስ አንድ ተራ በእጁ ትርፍ አለው። ወታደር ቢሰጥ እንኳ ያችን ተራ ይዞ ነው። ጥቁር ከመነሻው አንድ ተራ ወደኋላ ነው። በዚያ ላይ ወታደር ሲሰጥ ጉድለቱ ሁለት ይሆናል። ለዚህ ነው በነጭ የሚያምር ድፍረት በጥቁር ሲደገም ብዙ ጊዜ የማይሆነው። የላትቪያን ጋምቢት ተመልከቱ። (ኢ4፣ ኤፍ3 የመሳሰሉት የሰሌዳው ካሬዎች ስሞች ናቸው፤ ካሬው ብቻ ሲጠራ የሚሄደው ወታደር ነው።) ነጭ ኢ4፣ ጥቁር ኢ5፣ ነጭ ፈረስ ወደ ኤፍ3፣ ጥቁር ኤፍ5። ነጭ የኤፍ ወታደሩን የሚሰጥበትን የንጉሥ ጋምቢት በጥቁር እንደመጫወት ነው። ግን ያ የኤፍ ወታደር ሲወጣ ወደ ራሳችሁ ንጉሥ የሚወስደው ሰያፍ መስመር ተከፈተ። የነጭ ፈረስ ከኤፍ3 ሲነሳ ንግሥቲቱ ኤች5 ላይ ቼክ የምትልበት፣ ማለትም ንጉሡን የምታጠቃበት መንገድ ይጠረግላታል። ነጭ ደግሞ ፈረሱን አስቀድሞ አውጥቷል።

ከዚህ የባሱ፣ በወጥመድ ብቻ የሚኖሩ መክፈቻዎች አሉ። ኦንላይን አሁን በብዛት የማየው እነሱን ነው። ኢንግሉንድ ጋምቢት አንዱ ነው። ነጭ ዲ4 ሲል ጥቁር ኢ5 ይላል። ነጭ ይበላል። ጥቁር ፈረሱን ሲ6 ላይ ያወጣል፣ ንግሥቱን ኢ7 ላይ ያቆማል። ነጭ ወታደሩን በቢሾፕ ለመጠበቅ ኤፍ4 ላይ ሲወጣ ንግሥቲቱ ቢ4 ላይ ቼክ ትላለች፤ ነጭ ቢሾፑን ዲ2 ላይ መልሶ ሲከላከል ቢ2ን ትበላለች። እዚህ ላይ ነጭ ደንግጦ ቢሾፑን ሲ3 ላይ ካስቀመጠ አለቀለት። የጥቁር ቢሾፕ ቢ4 ላይ ይመጣና ነጭ ወይ ሩኩን (ግንቡን) ያጣል ወይ ሲ1 ላይ ማት ይሆናል፤ ንጉሡ መውጫ አጥቶ ይሸነፋል። እሺ፣ በቢሾፑ ፈንታ ፈረሱን ሲ3 ላይ ቢያወጣስ? ያን ጊዜ ንግሥታችሁ ሰው ግቢ ውስጥ ብቻዋን ቀርታለች። የቀረው ሠራዊታችሁ ገና ከቤት አልወጣም።

ስታፎርድ ጋምቢትም እንደዚሁ ነው። ነጭ ተሳስቶ ቢሾፑን ጂ5 ላይ ካወጣ፣ ጥቁር ንግሥቱን አስበልቶ በሁለት ቢሾፕና በአንድ ፈረስ ማት ያደርጋል። በጣም የሚያምር ማት ነው። ነጭ በእርጋታ ዲ3 ብሎ ቢሾፑን ኢ2 ላይ ካስቀመጠ ግን ያ ሁሉ ውበት የለም። የቀረው አንድ የጎደለ ወታደር ነው።

ወጣት ሳለሁ ለሁለት ዓመት ያህል እንዲህ ባሉ ወጥመዶች ነበር የተጫወትኩት። ብዙ አሸነፍኩ። ከዚያ ሰዎች መልሱን አወቁ። አንድ ቀን ውድድር ላይ ተጋጣሚዬ ትክክለኛውን መልስ ሳያስብ፣ ወዲያው ተጫወተ። ሰሌዳውን አየሁ። ምን ላድርግ የሚለው ሐሳብ እንኳ አልነበረኝም። ያን ሁሉ ጊዜ የተማርኩት ሰው ሲሳሳት የሚደረገውን ነበር። ሰው ሳይሳሳት የሚደረገውን አንድም ቀን አልተማርኩም። ያ ጊዜ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም እናንተ ላይ እንዳይደርስ ብዬ ነው።

ስለዚህ ማንኛውም ሰው ጋምቢት ሲያሳያችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ። ካልተሸወደስ?

ቡዳፔስት ጋምቢትን በዚህ ጥያቄ ፈትኑት። ነጭ ዲ4፣ ጥቁር ፈረስ ወደ ኤፍ6፣ ነጭ ሲ4፣ ጥቁር ኢ5። ነጭ ይበላል፣ ፈረሱ ጂ4 ላይ ይዘላል። እዚህም የታወቀ ወጥመድ አለ። ነጭ ቢ4 ላይ የተቀመጠውን የጥቁር ቢሾፕ በኤ ወታደሩ ቸኩሎ ከበላ፣ ኢ5 ላይ ወታደሩን በልቶ የቆመው ፈረሳችሁ ዲ3 ላይ ገብቶ ማት ይሆናል። የነጭ ኢ2 ወታደር ፈረሱን መብላት አይችልም፤ ኢ7 ላይ ያለችው ንግሥት ከንጉሡ ጋር አስራዋለች። ካልተሸወደስ? ነጭ ኢ5 ላይ ያለውን ፈረስ ይበላል፣ በሌላው ፈረስ ትበሉታላችሁ። ወታደራችሁ ተመልሷል። ፈረሳችሁ መሃል ላይ ነው። ነጭ ሁለቱን ቢሾፖች ይይዝና ትንሽ ይሻላል፣ ጨዋታው ግን አለ። ይህ ፈተናውን አልፏል ማለት ነው።

ከልቤ የምመክራችሁ ግን ቤንኮን ነው። ሩሲያውያን ቮልጋ ይሉታል። ስሙን ያገኘው ከፓል ቤንኮ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1928 ተወልዶ በ2019 ያረፈ ታላቅ ተጫዋች። ነጭ ዲ4፣ ጥቁር ፈረስ ወደ ኤፍ6፣ ነጭ ሲ4፣ ጥቁር ሲ5፣ ነጭ ዲ5፣ ከዚያ ጥቁር ቢ5። ነጭ ሲበላ ኤ6 ትላላችሁ። እንደገና ሲበላ በቢሾፕ ትመልሳላችሁ። አሁን ቁጠሩ፤ አንድ ወታደር ጎድሏችኋል። የምታጠቁት ንጉሥ የለም። ወጥመድም የለም። ታዲያ ምን አገኛችሁ?

ኤ እና ቢ መስመሮች ተከፍተዋል። ሩኮቻችሁ ኤ8 እና ቢ8 ላይ ሲቆሙ ኤ2 እና ቢ2 ላይ ያሉት የነጭ ወታደሮች ዕረፍት የላቸውም። ጂ7 ላይ ያለው ቢሾፕ ረጅሙን ሰያፍ መስመር ይዞ እዚያው ቢ2 ላይ ያነጣጥራል። ነጭ ኢ4 ካለ ቢሾፖች ይለዋወጣሉ፣ ንጉሡም በገዛ እግሩ ወጥቶ ቢሾፑን ስለሚበላው ካስል ማድረግ (ከሩክ ጋር ተዛውሮ መደበቅ) አይችልም። ደስ የሚለኝ ሌላው ነገር ይህ ነው። አብዛኛው ጋምቢት ንግሥቶች ከተለዋወጡ ይሞታል። ቤንኮ ላይ ንግሥቶች ቢወጡም ጫናው አይቀልም። ኮምፒውተሩ ነጭን ይመርጣል፣ እውነት ነው። በሰው እጅ ግን ያ ጫና ለብዙ ሰዓት መሸከም የሚከብድ ነገር ነው።

ቤንኮን የምወድበት ዋናው ምክንያት መቀመጥ ስለሚያስተምር ነው። ወታደር የሰጠ ልጅ ሁለት ነገር ያጣድፈዋል። ወይ ወታደሩን ቶሎ ማስመለስ ይፈልጋል፣ ወይ ያለውን ሁሉ ንጉሡ ላይ ይወረውራል። ሁለቱም ከፍርሃት ነው የሚመጡት። ቤንኮ ላይ ሁለቱም አይሠሩም። ጎድሎባችሁ ትቀመጣላችሁ። ሩክ ታሻሽላላችሁ። ፈረስ ታዞራላችሁ። ሃያ ተራ ያልፋል፣ ወታደሩ አሁንም ጎድሏል፣ እናንተም ደህና ናችሁ። ይህን አንዴ በሰውነታችሁ ካወቃችሁት የትኛውንም ስለታም መክፈቻ መጫወት ትችላላችሁ።

ማርሻል አታክ የሚባለውን የጥቁር ጋምቢት ከዚያ በኋላ ተማሩት። አሜሪካዊው ፍራንክ ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1918 ኒው ዮርክ ላይ በኩባዊው ካፓብላንካ ላይ ተጫወተው። ኢ5 ላይ ወታደር ሰጥቶ የነጭን ንጉሥ አጠቃ። ካፓብላንካ ወታደሩን በላ፣ ሰሌዳው ላይ መከላከያውን አገኘ፣ በ36 ተራ አሸነፈ። መክፈቻው እዚያ ላይ የሞተ መስሎ ነበር። ግን ሐሳቡ ጤነኛ ነበር፤ የነጭ ፈረስና ቢሾፕ አሁንም ከቤታቸው አልወጡም። ማርሻል 11ኛው ተራ ላይ ፈረሱን ወደ ኤፍ6 መልሶ ነበር፤ በኋላ የመጡት በዚያ ፈንታ ሲ6 ብለው መሃሉን አጸኑ። ከ86 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የዓለም ሻምፒዮና፣ ተፎካካሪው ፒተር ሌኮ ስምንተኛው ጨዋታ ላይ ሻምፒዮኑን ክራምኒክን ያሸነፈው በዚሁ መክፈቻ፣ ጥቁር ይዞ ነው። ዛሬም ብዙ ትልልቅ ተጫዋቾች ነጭ ሲይዙ እዚያ ላለመግባት ስምንተኛው ተራ ላይ መንገድ ይቀይራሉ።

ልምምዱን እንዲህ አድርጉት። ጓደኛችሁን ተቃራኒ አስቀምጡና የመክፈቻችሁን ምርጥ መልስ ራሳችሁ አሳዩት። ምንም አትደብቁ። ከዚያ አሥር ጨዋታ ተጫወቱ። ብትሸነፉም ግድ የለም። ከአሥሩ በኋላ አሁንም ያንን አቋም መያዝ ደስ ካላችሁ መክፈቻው የእናንተ ነው።

በቅርቡ አንዲት ተማሪዬ ከውድድር የጨዋታዋን ወረቀት ይዛ መጣች። ቤንኮ ነው። ተጋጣሚዋ 19ኛው ተራ ላይ ንግሥት እንለዋወጥ የሚል እርምጃ ወስዷል። ወታደር ስለበለጠ ይቀለኛል ብሎ ይሆናል። ሰዓቷን ጎን ለጎን ጽፋለች፤ ለመለዋወጥ የወሰደባት ከአንድ ደቂቃ በታች ነው። 34ኛው ተራ ላይ ቢ2 ወደቀ። ጨዋታው በአቻ አለቀ። ሰሌዳ አውጥተን 27ኛው ተራ ላይ ሩኩን ኤ4 ላይ ብታወጣው ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ስንፈልግ መሸብን።