ፊልሙ ነው ወይስ ቴሌቪዥኑ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ፊልም የማየው ለመዝናናት ብቻ ነው። ብዙ ሰው የሚያወድሰውን «ስፓይደርማን፦ ኢንቱ ዘ ስፓይደርቨርስ» ስከፍት ልጁ በሮጠ ቁጥር ይቆራረጥብኛል። ኢንተርኔቱ መስሎኝ አውርጄ አየሁት፤ ያው ነው። አኒሜሽኑ ተጣድፎ የተሠራ ነው እንዴ?

መልስ፦ በትክክል አይተዋል፤ ግን ሆን ተብሎ ነው። ሲኒማ በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ያሳያል። በእጅ በሚሣል ካርቱን ብዙውን ጊዜ ለአንድ ሰከንድ 12 ሥዕል ብቻ ይሣልና እያንዳንዱ ለሁለት ፍሬም ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ይህ ፊልም በኮምፒውተር ቢሠራም ብዙውን እንቅስቃሴ በዚሁ በ12 ያስኬደዋል። ጫካ ውስጥ የሚወነጨፉበትን ቦታ ደግመው ይዩት፤ ጀማሪው ማይልስ በ12፣ ልምድ ያለው ፒተር በ24 ይንቀሳቀሳሉ። የልጁ ጀማሪነት ያለ ንግግር የተነገረው በዚህ ነው።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለመለየት ከሰውየው ይልቅ ጀርባውን ይመልከቱ። ካሜራው ወደ ጎን ሲዞር ሕንፃዎቹ ሳይደነቃቀፉ አልፈው ሰውየው ብቻ ከተቆራረጠ የሠሪዎቹ ምርጫ ነው። ሁሉም አንድ ላይ ቆሞ ከዘለለ ፋይሉ ወይም መስመሩ ነው። ካሜራው ቀስ ብሎ ሲዞር ብቻ ምስሉ የሚንገጫገጭ ከሆነ ደግሞ ቴሌቪዥኑን ይጠርጥሩ፦ በሰከንድ 60 ጊዜ የሚያድስ ስክሪን 24ን እኩል ማካፈል ስለማይችል አንዱን ፍሬም ሦስቴ፣ ቀጣዩን ሁለቴ ያሳያል። ማጫወቻዎ 24 ሄርዝ (በሰከንድ 24 ጊዜ) የሚል ምርጫ ካለውና ቴሌቪዥኑም ከተቀበለው ችግሩ ይወገዳል።

ከዚህ የሚብሰው ቴሌቪዥኑ በራሱ ግምት የመሃል ፍሬም ፈጥሮ የሚጨምርበት ሴቲንግ ነው። ኤልጂ «ትሩሞሽን»፣ ሶኒ «ሞሽንፍሎው»፣ ሳምሰንግ በቀድሞዎቹ ቴሌቪዥኖቹ ላይ «አውቶ ሞሽን ፕላስ» ይሉታል። ለኳስ ጨዋታ ደስ ሊል ይችላል። ካርቱን ላይ ግን ሁለት ሥዕሎች መሃል ያለውን ሲገምት የጣትና የፀጉር ጠርዝ ይቀባባል፤ ተዋናይ ያለበትን ፊልም ደግሞ ተከታታይ ድራማ ያስመስለዋል። ያጥፉት፤ ፊልሙን ሠሪዎቹ እንዳሰቡት የሚያሳየው «ፊልምሜከር ሞድ» ካለ እሱን መምረጥ ይበቃል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ በብዙ ቴሌቪዥኖች ሴቲንጉ ለየመግቢያው ለብቻው ነው፤ በአንዱ ኤችዲኤምአይ አጥፍተውት በሌላው እንደበራ ይቀራል።

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. የ1993ቱ «ጁራሲክ ፓርክ» ዳይኖሰር ከዛሬዎቹ ጭራቆች ሁሉ ይልቅ እውነት ይመስለኛል። ትዝታ ይሆን?

መልስ፦ ትዝታም አለበት፤ የዚያ ዘመን ደካማ ፊልሞች ተረስተው ጥሩዎቹ ብቻ ናቸው የቀሩልን። የቀረው ግን የአሠራር ጉዳይ ነው። ከ127 ደቂቃው ውስጥ ዳይኖሰር የሚታየው ሩብ ሰዓት ያህል ሲሆን፣ የሚበዛው የፊልም ጭራቆች ሠሪው የስታን ዊንስተን ቡድን በእውነተኛ ቁመት የሠራው ማሽን ነው። ኮምፒውተሩ የገባው በዋናነት እንስሳው መላ አካሉ ታይቶ መራመድና መሮጥ ሲኖርበት ነው። ግዙፉ ሥጋ በል ዳይኖሰር ቲሬክስ አጥሩን ጥሶ የሚወጣው በሌሊትና በዝናብ ነው፤ ጨለማው ጉድለትን ይሸፍናል፣ እርጥብ ቆዳ ደግሞ ብርሃን ስለሚመልስ ግዝፈቱን ያጎላዋል። (ማሽኑ ግን ዝናቡን አልወደደውም፤ የስፖንጅ ቆዳው ውኃ ጠጥቶ ሲከብድ ይንቀጠቀጥ ነበር።)

አዲስ ፊልም ሲያዩ ሦስት ነገር ይፈትሹ። አንደኛ ክብደት፦ ግዙፍ አካል ለመዞር ጊዜ ይፈልጋል፤ ሕንፃ የሚያህል ጭራቅ እንደ ድመት ከተገለበጠ ዓይናችን ወዲያው ያሳንሰዋል። ሁለተኛ እግሩ መሬት የሚነካበት ቦታ፦ አቧራው፣ ጥላው፣ የአፈሩ መጎድጎድ። ሦስተኛ ካሜራው፦ ማንም ካሜራ ሊገባበት በማይችል ክፍተት እየበረረ ካለፈ ዓይን ማመኑን ይተዋል። በእኛ ግምት ዛሬ ያዳከማቸው ብዛት ነው። በአንድ ትልቅ የልዕለ ጀግና ፊልም በኮምፒውተር የተሠራ ሾት (ሳይቋረጥ የሚታይ ቁራጭ ምስል) ከ2000 ሲያልፍ፣ ለእያንዳንዱ የሚተርፈው ጊዜ ትንሽ ነው።

ጥያቄ፦ ካርቱን የልጆች ነው ባይ ነኝ። ለ7 ዓመት ልጄ ከጃፓኑ የካርቱን ድርጅት ከስቱዲዮ ጂብሊ ፊልሞች የቱን ላስቀድም?

መልስ፦ በመጀመሪያው አንስማማም፤ ለልጅዎ ሲባል እርስዎም ሐሳብዎን ቢቀይሩ ይሻላል። ይህ ስቱዲዮ እ.ኤ.አ. በ1988 ሁለት ፊልሞች ጎን ለጎን አወጣ፦ «ጎረቤቴ ቶቶሮ» እና «የእሳት ዝንቦች መቃብር»። ሁለተኛው በጦርነት ወላጅ ያጡ ወንድምና እህት በረሃብ የሚያልቁበት ነው። ሁለቱም ላይ የጂብሊ ስም አለ፤ በዚያ ብቻ ተማምኖ የከፈተ ወላጅ ልጁን እንባ በእንባ ያደርጋል። በቶቶሮ ይጀምሩ፤ ክፉ ሰው የለበትም፣ 86 ደቂቃም ለሕፃን አይረዝምም። እናትየው ሆስፒታል መተኛቷን ግን አስቀድመው ይንገሩት። ቀስት እጅና ራስ የሚቆርጥበትን «ልዕልት ሞኖኖኬ» እስከ 12 ወይም 13 ዓመቱ ያቆዩለት።

ጥያቄ፦ አስፈሪ ፊልም ላይ ንግግሩ አይሰማኝም፤ ድምፅ ስጨምር ጩኸቱ ቤቱን ያናውጠዋል።

መልስ፦ ጸጥታውና ድንገተኛው ጩኸት መራራቃቸው የማስደንገጫው ዘዴ ነው፤ ያን ያህል መራራቅ ግን ለሲኒማ አዳራሽ ነው የተሠራው። በ5.1 ድምፅ (አምስት ስፒከርና አንድ የወፍራም ድምፅ ስፒከር ባለው አሠራር) ንግግሩ በዋናነት የሚመጣው ከመሃለኛው ስፒከር ነው። ቤትዎ ሁለት ስፒከር ብቻ ካለ ማጫወቻውን ከ5.1 ወደ «ስቴሪዮ» ይቀይሩት። ቀጥሎ «ናይት ሞድ»ን ያብሩ፤ ጩኸቱን ዝቅ፣ ሹክሹክታውን ከፍ ያደርጋል። መሃለኛ ስፒከር ካለዎት የእሱን ብቻ ከ2 እስከ 3 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ይጨምሩለት፤ ያኔ ናይት ሞዱ ላያስፈልግዎት ይችላል።