ለጮቄ የእግር ጉዞ ምን ዓይነት ቢላ ይሻላል?

ውድ ጠያቂያችን፣ በጥቅምት ወር ከጓደኞችዎ ጋር ከደብረ ማርቆስ ተነሥታችሁ በረቡዕ ገበያ በኩል ወደ ጮቄ ተራራ ለአራት ቀናት በእግር ልትጓዙ እንደሆነ ገልጸው፣ ገበያ ላይ ያዩት ጀርባው መጋዝ የሆነ ትልቅ ቢላ፣ ታጣፊ ሰንጢ ወይስ የአገራችን አንጥረኛ የሚሠራው ቢላ ይሻላል ብለው ጠይቀዋል። በዚያው አገር ከተጓዦችና ከጭነት ከብቶች ጋር ስመላለስ የኖርሁ በመሆኔ የማውቀውን ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልዎ። መልሴን አስቀድሜ ልናገር፦ ብረቱ ከ9 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም፣ ውፍረቱ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ የማይታጠፍና አጥብቆ የሚይዝ አፎት ያለው ቢላ ይያዙ። ከውጭ የመጣ ይሁን የአገር ቤት ሥራ፣ እሱ ሁለተኛ ጉዳይ ነው።

ቢላ ከመምረጥዎ በፊት መንገድ ላይ በእርግጥ የሚቆርጡት ምን እንደሆነ ያስቡ። በሶና ቆሎ ቢላ አይፈልጉም። የሚቀረው ሥራ ሽንኩርትና ድንች መላጥና መክተፍ፣ ዳቦ መቁረስ፣ የድንኳን ገመድ መበጠስ፣ ለቁስል የሚሆን ፋሻ መቁረጥና አንዳንድ ጊዜ የጠፋ የድንኳን ችካል ለመተካት እንጨት ማሾል ነው። ከገበሬ በግ ገዝታችሁ ብታርዱ እንኳ ባለቤቱ የራሱን ካራ ይዞ ይመጣል፤ ከእናንተ የሚጠበቀው ሥጋውን መዘልዘል ብቻ ነው። ከእነዚህ ሁሉ አንዱም ረጅምና ወፍራም ብረት አይፈልግም። እንዲያውም 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ቢላ ድንች ለመክተፍ ቢሞክሩ፣ ስለቱ መሀል ላይ ሲደርስ መቁረጡን ትቶ ድንቹን ይሰነጥቀዋል፤ ግማሹም ተፈናጥሮ ሣር ውስጥ ይገባል።

ስለዚህ ባለ መጋዙን ትልቅ ቢላ አልመክርዎትም። ክብደቱ ብቻውን በአራት ቀን ጉዞ ትከሻዎን ያስመርረዋል፤ ጀርባው ላይ ያሉት የመጋዝ ጥርሶችም እንደ አናጢ መጋዝ ግራና ቀኝ ስላልተከፈቱ እርጥብ እንጨት ውስጥ ጥቂት ገብተው ይቀረቀራሉ። ከዚህ የሚበልጥብኝ ግን ሌላ ምክንያት አለ። ይህን ዓይነት ቢላ የሚገዛ ሰው ማገዶ ሊቆርጥበት አስቦ ነው የሚገዛው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በጮቄ አናት አካባቢ የሚያገኙት ጓሳ የሚባለው ሣር፣ ጅባራና አስታ ነው። አስታ በብርዱ ምክንያት ቀስ ብሎ የሚያድግ ተክል ሲሆን፣ በእርሻና በማገዶ ለቀማ ብዛት በብዙ ቦታ ተመናምኗል። ጮቄ ዓባይን የሚመግቡ የብዙ ወንዞች መነሻ ነው፤ ያን ውኃ ይዞ የሚያቆየውም ይኸው ጓሳና አስታ የሸፈነው መሬት ነው። ለአንድ ምሽት እሳት ተብሎ አስታ ሲቆረጥ ማየት ልቤን ያደማኛል። ትንሽ የጋዝ ወይም የላምባ ምድጃ ይያዙ፤ እሳት መሞቅ የግድ ካላችሁ ደግሞ ከታች ካለው መንደር የባሕር ዛፍ ማገዶ በገንዘባችሁ ገዝታችሁ በከብት አስጭኑ።

ታጣፊውን በተመለከተ፣ ሰንጢ ለከተማና ለአንድ ቀን ጉዞ ግሩም ዕቃ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ጮቄ ላይ ማለዳ ጣት በብርድ ሲደነዝዝ፣ በጥፍር እየጎተቱ የሚከፍቱት ሰንጢ ያስቸግራል። ከእንጨት እጀታ ጋር የሚሸጠው የፈረንሳዩ ኦፒኔል ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ስለቱ ቀጭን፣ ክብደቱም እጅግ ቀላል ስለሆነ ምግብ ለማዘጋጀት እሱን የሚተካከል ጥቂት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1955 የተጨመረለት የብረት ቀለበትም ስለቱ ተመልሶ ጣት ላይ እንዳይታጠፍ ይቆልፈዋል። ሆኖም እጀታው እንጨት በመሆኑ ዝናብ ከጠጣ አብጦ ብረቱን አጥብቆ ይይዘዋል፤ በዚያን ጊዜ በሁለት እጅም አልከፈት ይላል። በጥቅምት መጀመሪያ ደግሞ ዝናቡ ሙሉ በሙሉ እንደቀረ ማመን አይቻልም። ቀዩን የስዊስ ሰንጢ በተመለከተ፣ መቀሱና ወረንጦው በጣም ስለሚጠቅሙ እንደ ሁለተኛ ዕቃ ቢይዙት ደስ ይለኛል፤ ነገር ግን በብዛት የሚገኘው መጠነኛው ዓይነት ስለቱን የሚቆልፍ ነገር ስለሌለው ጫፉን ተጭነው አይሥሩበት።

የማይታጠፍ ቢላ ዋጋው የሚታወቀው በችግር ጊዜ ነው። አቀበት ላይ የበቅሎ ጭነት ወደ አንድ ጎን ተንሸራትቶ ከሆዷ ሥር ሲገባ፣ በቅሎዋ ትደነግጥና መራገጥ ትጀምራለች። አንድ ሰው ልጓሟን በግራ እጁ ይዞ በቀኙ ገመዱን መበጠስ አለበት። በዚያች ቅጽበት ቢላው ከወገብ ላይ በአንድ እጅ፣ አፎቱን በአውራ ጣት ገፋ በማድረግ ብቻ መውጣት ይኖርበታል፤ ገመዱም እንደ ተወጠረ በአንድ ስበት ካልተቆረጠ በቅሎዋም ሰውየውም ገደል አፋፍ ላይ ናቸው። ስለዚህ ሲገዙ ቢላውን አፎቱ ውስጥ ከተው ቁልቁል ያራግፉት። ከወደቀ አይውሰዱት፤ ለማውጣት ሁለት እጅ ከፈለገም አይውሰዱት። እጀታውንም እጅዎን አርሰው ይጨብጡት። ጣትዎ ወደ ስለቱ እንዳይንሸራተት የሚከለክል ጉብታ ከሌለው ሌላ ይምረጡ። ብርቱካናማ ወይም ቀይ እጀታ ያለው ቢገኝ ይመረጣል፤ ጓሳ ውስጥ የወደቀ ጥቁር ወይም አረንጓዴ እጀታ ፈልጎ ማግኘት አድካሚ ነው።

ከውጭ ከሚመጡት መካከል ለዚህ ሥራ የምመርጠው ስዊድን የሚሠራውን፣ ሞራ የተባለውን ቢላ ነው። ኮምፓኒየን የሚባለው ዓይነት ብረቱ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲረዝም፣ ከፕላስቲክ አፎቱ ጋር 120 ግራም ገደማ ይመዝናል። በሚዝግና በማይዝግ ብረት ይሠራል። የሚዝገው፣ ማለትም የካርቦን ብረት የሆነው፣ በቀላሉ ይሳላል፤ ነገር ግን ሽንኩርትና ሎሚ ያጠቁረዋል፤ ላብና እርጥበትም በአንድ ሌሊት ያዝገዋል። ለጀማሪ የማይዝገውን እመክራለሁ። የካርቦኑን ከመረጡ ማታ ማታ አድርቀው ጥቂት የምግብ ዘይት በጨርቅ ይቀቡት። የእኛ የኑግ ዘይት ለጉዞው ቀናት ይበቃል፤ ብዙ ከቆየ ግን እየደረቀ እንደ ሙጫ ስለሚጣበቅ ቤት ሲገቡ ማጠብ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ አንጥረኛው ልምጣ፤ ከጥያቄዎ ሁሉ የወደድሁት ይህን ነው። የአገራችን አንጥረኞች በአብዛኛው ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ይቀጠቅጣሉ። ባሌስትራ ለቢላ የሚሆን በቂ ካርቦን ያለው ጥሩ ብረት ነው፤ ነገር ግን መኪናው ላይ ሳለ እንዲለመጥ እንጂ ስለት እንዲይዝ ተደርጎ አልተሠራም። ተቆርጦና ተሞርዶ ብቻ ቢላ ከሆነ ቶሎ ይዶለድማል። ስለዚህ አንጥረኛውን እንዲህ ብለው ይጠይቁት፦ ቅርጹ ካለቀ በኋላ እንደገና ፍም እስኪመስል አግሎ ዘይት ውስጥ ይነክረዋል? ከነከረውስ በኋላ ተወልውሎ የጠራው ብረት የገለባ ቀለም እስኪያወጣ ድረስ በመጠኑ መልሶ ያሞቀዋል? የመጀመሪያው ከቀረ ብረቱ ለስላሳ ይሆናል፤ ሁለተኛው ከቀረ ደግሞ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ሲረከቡ ሞረድ ይዘው ስለቱ አጠገብ ቀስ ብለው ይሞክሩት። ሞረዱ የሚንሸራተት ከሆነ በደንብ ጠጥሯል፤ ያለ ችግር የሚነክሰው ከሆነ አልጠጠረም። ብረቱ እስከ እጀታው ጫፍ ዘልቆ በሁለት ወይም በሦስት ቦታ በምስማር የተመታ ይሁን፤ ለእጀታው የደረቀ ወይራ ይዘዙ። ውፍረቱን ግን ሚሊ ሜትሩን በወረቀት ሥለው ይስጡት፤ ካልሆነ ለካራ በለመደው ውፍረት ይሠራዋል። እንዲህ በጥንቃቄ የተሠራ ቢላ ከውጭ ከሚመጣው በምንም አያንስም፤ ገንዘቡም እዚሁ ለባለሙያው ይቀራል። የቆዳ አፎት ካሠሩለት በጉዞ ብቻ ይጠቀሙበት፤ ቆዳ እርጥበት ስለሚይዝ ቢላው በውስጡ ተቀምጦ ከከረመ ይዝጋል።

የገዙት ሁሉ ቢሆን አንድ ቀን መዶልዶሙ አይቀርም፤ የዶለዶመ ቢላ ደግሞ ኃይል ስለሚያስጨምር አዳልጦ እጅ የሚቆርጠው እሱ ነው። ደቃቅ የመሳያ ድንጋይ ከሌለዎት ለቡና ከያዙት ሲኒ አንዱን ይገልብጡት። መቀመጫው ላይ ያለው ሻካራ፣ ያልተቀባ ቀለበት ጥሩ መሳያ ነው። ስለቱን በ20 ዲግሪ ገደማ፣ ማለትም ጀርባውን ከሲኒው ጥቂት ከፍ አድርገው፣ አንድ ጊዜ በዚህ አንድ ጊዜ በዚያ ጎን በቀላሉ ይሳቡት። ወረቀት ሳይቀድ በቀጥታ ከቆረጠ በቂ ነው። በውርጭ ጊዜ ሲሥሉም ሆነ እንጨት ሲያሾሉ እግርዎ መካከል አይቁረጡ፤ ከዚያ ቦታ ጤና ጣቢያ ለመድረስ ሰዓታት በእግር መሄድ ያስፈልጋል።

ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ ባሕር ዳር የሚመጣ ጓደኛ ካለ፣ ቢላው በእጅ ሻንጣ አይገባምና በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ያድርገው፤ የምድጃው ጋዝ ግን በሁለቱም ስለማይፈቀድ ከደረሰ በኋላ ይፈልግ። በአውቶቡስ የምትመጡ ደግሞ ቢላውን ወገባችሁ ላይ አትታጠቁት። ከድስቱና ከሳህኑ ጋር በአፎቱ ሻንጣ ውስጥ አስቀምጡት፤ ኬላ ላይ ፍተሻ ሲኖርም ፈታሹ ራሱ ከማግኘቱ በፊት ለምግብ የያዛችሁት ቢላ እንዳለ ንገሩት።