ከደሴ አዲስ አበባ በፕሌን ስንት ይፈጃል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ፣ እማዬን ለህክምና አዲስ አበባ ልወስዳት ነው፣ ጉልበቷን ስለሚያማት አውቶብስ ላይ ብዙ መቀመጥ አትችልም። ኢንተርኔት ላይ ርቀቱ 250 ኪሎ ሜትር ነው ይላል፣ ሹፌሮች 400 ነው ይሉኛል፣ ትኬት ቢሮ ደግሞ በረራው 1 ሰዓት ነው አሉኝ፣ ፕሌን እንደዛ እየፈጠነ እንዴት 1 ሰዓት ይፈጅበታል? የቱን ልመን? (ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ)

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ ሦስቱም እውነታቸውን ነው። 250 ገደማ የሚባለው ከኮምቦልቻ ኤርፖርት ቦሌ ድረስ ቀጥ ያለ መስመር ሲሰመር ነው፣ መኪናው ግን ቀጥ ብሎ የት ይሄዳል፣ ከደሴ 2,500 ሜትር ከፍታ የሐረጎን ተራራ እየተጠማዘዘ ኮምቦልቻ ይወርዳል፣ በከሚሴ አድርጎ ሸዋ ሮቢት ቆላው ውስጥ ይገባል፣ ከዛ ደብረ ሲናን አልፎ ጣርማበር ላይ እንደገና ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል፣ 400 የሆነው በዚህ ሁሉ ዙሪያ ነው። በአውቶብስ ቀኑን ሙሉ በይው፣ ለታመመ ጉልበት ደግሞ ከርቀቱ በላይ ያ ጥምዝምዝ ነው የሚከብደው።

የ1 ሰዓቱ ነገር፣ ትኬት ላይ የሚጻፈው አየር ላይ ያለው ጊዜ ብቻ ሳይሆን ፕሌኑ ከቆመበት ተነስቶ ቦሌ እስኪቆም ያለው ሁሉ ነው፣ መሬት ላይ የሚነዳው፣ ተራራውን ለማለፍ የሚወጣው፣ ለማረፍ ፍጥነት ቀንሶ ተራ የሚጠብቀው ሁሉ ይቆጠራል። በሙሉ ፍጥነቱ የሚበረው ትንሽ ደቂቃ ነው፣ ገና ወጣ ሲል መውረድ ይጀምራል።

አንቺ ግን ከቤትሽ ደጃፍ ጀምረሽ ቁጠሪው። ኤርፖርቱ ያለው ኮምቦልቻ ነው፣ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ሐረጎ ላይ ጭነት መኪና ከፊትሽ ከገባ ወይ ጉም ከወረደ 1 ሰዓት ያዥለት፣ ቀድሞ መድረስና ፍተሻ 2 ሰዓት፣ በረራው 1፣ ሻንጣና የቦሌ መንገድ ሌላ 1፣ በጥቅሉ 5 ሰዓት አካባቢ ይሆናል። እኔ ብሆን ለጤነኛ ሰው ብሩን ቆጥቦ በመኪና ቢሄድ አይከፋኝም፣ ለእናትሽ ግን ወላሂ ፕሌኑን ነው የምለው።

ደግሞ ሰዓቱን አደራ፣ ትኬቱ ላይ 14፡00 ካለ በኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ማለት ነው፣ በዚህ ተሳስቶ በረራ ያመለጠው ስንት ሰው አለ። በዚህ መስመር የሚበረው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 ከሆነ በሩ ወደ ታች ተከፍቶ ራሱ ደረጃ ይሆናል፣ ጠባብም ቁልቁልም ነው፣ ስለዚህ ትኬት ስትቆርጪ እዛው ዊልቸር እንደምትፈልግና ደረጃ መውጣት እንደማትችል አስመዝግቢ፣ በበረራው ቀን ኤርፖርት ደርሰሽ ልንገራቸው እንዳትይ።