ከስኖውቦርድ የተቀዳው ቦርድ ጣና ላይ ለምን አፍንጫውን ይደፋል?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። የአክስቴ ልጅ ካናዳ ካለችው ካልጋሪ ሲመጣ ስኖውቦርድ፣ ማለትም በረዶ ላይ ቆመው የሚንሸራተቱበት ቦርድ፣ ይዞ መጥቶ እኛ ቤት ትቶት ሄደ። እኔና አንድ አናጢ ጓደኛዬ ቅርጹን አይተን፣ ውሃ ላይ ቆመው የሚቀዝፉበት ቦርድ በኮምፔንሳቶ ሠራን። ውስጡ ባዶ ነው። ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ውፍረቱ 8 ሳንቲ ሜትር ነው። ስፋቱ ጫፎቹ ጋ 72፣ ወገቡ ላይ 58 ነው። እንደ ስኖውቦርዱ መሃሉን 4 ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ አጎበጥነው። የጫፎቹን ቀና ማለት ግን መሥራት ስላቃተን ተውነው። እኔ 78 ኪሎ ነኝ፣ ቦርዱ 24። ስቆምበት ይዋልላል። ትንሽ ማዕበል ሲመጣ አፍንጫውን ይደፋል። ስቀዝፍ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም። መሃሉን የበለጠ ብናጎብጠው ይሻላል?»

መልስ፦ አይሻልም፣ ወንድሜ። ጣጣው ራሱ የመጣው ከጉብጠቱ ነው። አናጢው ጓደኛህ ላይ ግን አትፍረድ። የተቀዳው ዕቃ ለሌላ ሥራ የተሠራ ነው።

እስቲ ስኖውቦርዱን ሳሎን ወለል ላይ አስቀምጠው። ጎንበስ ብለህ ከጎኑ ተመልከት። መሃሉ ከወለሉ ጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ወለሉን የሚነካው ወደ ጫፎቹ አካባቢ ብቻ ነው። መሃሉ ሥር ወረቀት ብትሰድ ያልፋል። አሁን አንድ ሰው ይቁምበት። ወረቀቱ ይያዛል። ካምበር የሚባለው ይህ ነው። ቦርዱ ሲረገጥ ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ለመመለስ ሲታገል ደግሞ ጫፎቹን ወደ በረዶው ይጫናል። ስለዚህ ክብደቱ እግር ሥር ብቻ አይቀርም፤ እስከ ጫፍ ይዳረሳል። ጠርዙ ላይ ያለው ብረት ጠንካራውን በረዶ ከዳር እስከ ዳር ነክሶ ይይዛል።

ወገቡ የቀጠነውም ያለ ምክንያት አይደለም። ቦርዱ በጎኑ ሲጋደም፣ ጎድጎድ ያለው ጠርዝ በረዶው ላይ ተጭኖ ይለመጥና ቅስት ይሠራል። ቦርዱ ያንን ቅስት ተከትሎ ይታጠፋል። ልብ በል፣ ይህ ሁሉ የሚሠራው ሦስት ነገር ሲኖር ነው፦ የሚለመጥ ቦርድ፣ የብረት ጠርዝ፣ ከሥር ደግሞ የሚመልስ ጠንካራ ነገር። አንተ ጋ ሦስቱም የሉም። ባዶው የኮምፔንሳቶ ሳጥን ቢረገጥ አይለመጥም። ጣናም ወለል አይደለም።

የሚገርመው፣ በረዶ ላይ ያሉትም ካምበር ያስቸገራቸው ጊዜ ነበር። አዲስ የወረደ፣ ያልተረገጠ በረዶ እንደ ዱቄት ለስላሳ ነው፤ ሰው ይሰምጥበታል። ካምበር ያለው ቦርድ እዚያ ላይ አፍንጫውን ይደፋል፣ ልክ እንደ አንተው። መፍትሔውን ከውሃ ነው ያመጡት። ሼን ማኮንኪ የሚባል የበረዶ ሸርተቴ ሰው እ.ኤ.አ. በ2001 አላስካ ውስጥ የውሃ ሸርተቴ ላይ ማሰሪያ ገጥሞ በጥልቅ በረዶ ወረደበት። በዓመቱ ቮላንት የተባለው ኩባንያ በእሱ ሐሳብ ስፓቹላ የተሰኘ ሸርተቴ አወጣ። መሃሉ ወደ ታች፣ ጫፎቹ ወደ ላይ፣ ወገቡም ከጫፎቹ የሰፋ። ሁሉም ነገር የተለመደው ተቃራኒ ነበር። ይህ ወደ ላይ የሚሄድ የጫፍ ቅስት ሮከር ይባላል። ስኖውቦርድ ሠሪዎቹም ገቡበት፤ የሊብ ቴክ «ስኬት ባናና» ከታወቁት አንዱ ነው። ስሙም ቅርጹን ይናገራል። ዛሬ ብዙዎቹ ቦርዶች ድብልቅ ናቸው። ከእግር ሥር ካምበር፣ ጫፍ ላይ ሮከር ያላቸው አሉ። በሁለቱ እግሮች መሃል ሮከር፣ እግር ሥር ካምበር ያላቸውም አሉ። ለለስላሳ በረዶ የሚሠሩት ደግሞ አፍንጫቸው ሰፊ፣ ጅራታቸው ጠበብ ያለ ነው፤ ጅራቱ ትንሽ ሲሰምጥ አፍንጫው ቀና ይላል።

እኔ ብሆን ካልጋሪ ድረስ አልሄድም ነበር። ከዘጌ እንጨት ጭኖ የሚመጣውን የደንገል ታንኳ ተመልከት። አፍንጫው ሽቅብ ወጥቷል። ማዕበሉ ከሥሩ ገብቶ ያነሳዋል እንጂ ላዩ ላይ አይወጣም።

ወደ አንተ ቦርድ እንመለስ። ወደ ታች የተደፋ አፍንጫ ማዕበል ሲያገኝ ይጠልቃል፣ ውሃው ላዩ ላይ ይወጣል፣ የበለጠ ይጫነዋል። አፍንጫው ውሃውን ሲይዝ ጅራቱ ወደ ጎን ይንሸራተታል። ከጅራቱ ሥር ውሃ ውስጥ ገብቶ የሚይዘው ክንፍ ስለሌለ ቀጥ ብሎ አይሄድም።

መዋለሉ ከወገቡ ነው። ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ነገር አለመገልበጡ ስፋቱ ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ ከሚመጣው ቁጥር ጋር አብሮ ይሄዳል። 58ን ለ72 አካፍለህ ውጤቱን ሦስት ጊዜ በራሱ አባዛው፤ 0.52 ይመጣል። አንተ በምትቆምበት ቦታ ላይ ግማሽ ያህሉን መረጋጋት በመጋዝ ቆርጣችሁ ጥላችሁታል ማለት ነው።

ሌላም አልጠየቅኸኝ ችግር አለ። አንድ ሊትር ባዶ ቦታ አንድ ኪሎ ያህል ይሸከማል። በሰጠኸኝ ልክ፣ ጫፎቹ መጨረሻቸው ላይ እየጠበቡ መሄዳቸውን ሳስብ ቦርድህ 130 ሊትር ገደማ ነው። አንተና ቦርዱ 102 ኪሎ ናችሁ። እንዲህ ከሆነ የሚተርፍህ 28 ሊትር ያህል ብቻ ነው፤ ላለመስጠም እየታገልክ ነው። ወደ 200 ሊትር ማድረስ አለብህ።

እንጨቱን ግን አትጣለው። የጫፎቹ መታጠፍ ያቃታችሁ እሰየው፣ አሁን ጠቀማችሁ። ገልብጠው። ሆዱ ጀርባ ይሁን። በቃ፣ ካምበሩ ሮከር ሆነ፤ ሁለቱም ጫፍ 4 ሳንቲ ሜትር ቀና አለ። አንድ ሳንቲም ሳታወጣ እንደዚያው ጠዋት ሞክረው፤ የአፍንጫው ጠባይ ሲለወጥ ታየዋለህ። ከጠቀመህ እንዲህ አድርግ። አሁን ላዩ እንደ ገበታ ጎድጎድ ብሏል። ጉድጓዱን በነጩ የማሸጊያ ፎም ሙላው፣ ደልድለውና ስስ ኮምፔንሳቶ አልብሰው። የቀጠነውንም ወገብ በሁለቱም ጎን በፎም ሙላና ስፋቱን 72 አድርሰው። ሁለቱ ሙሌቶች አንድ ላይ ወደ 70 ሊትር ይሰጡሃል። የጎደለህ እሱ ነበር።

ፋይበር ግላስ፣ ማለትም በሬዚን ሙጫ የሚለጠፍ የመስታወት ጨርቅ፣ ስታለብሰው አንድ ነገር ተጠንቀቅ። የመኪና ቦዲ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ፖሊስተር ሬዚን ነጩን ፎም ይበላዋል፤ እያየኸው ይሟሽሻል። ኢፖክሲ የተባለውን ሬዚን ግዛ። ካላመንክ ቁራጭ ፎም ላይ ጠብ አድርገህ እይ። ኢፖክሲውን ደግሞ ጥቂት በጥቂት በጥብጥ። ብዙ ከበጠበጥክ፣ በተለይ በባሕር ዳር የቀትር ሙቀት፣ ጣሳው ውስጥ ይፈላና ይደርቅብሃል።

ከኋላ ክንፍ ግጠም። 15 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ወደ ኋላ ጋደም ያለ ይሁን። ቀጥ ብሎ የቆመ ክንፍ እምቦጭና ሣር ይሰበስባል። ጋደም ካለ ሣሩ ተንሸራቶ ይወጣል። ተነቃይ ቢሆን ደግሞ ጥሩ ነው፤ ዳር ዳሩ ጥልቀት ስለሌለው ድንጋይ ሲነካው ከነሥሩ አይገነጠልም።

ባዶ ቦርድ መተንፈሻ ይፈልጋል። ትንሽ ቀዳዳ ብሳና ጎሚኒ ባለው ብሎን ዝጋው። ፀሐይ ላይ ስታሳርፈው ብሎኑን ፍታ። አለዚያ ውስጡ ያለው አየር ሲሞቅ ይነፋና መጋጠሚያውን ይከፍተዋል። ከዚያ ቀዝቃዛው ውሃ ላይ ስታስቀምጠው አየሩ ይኮማተርና በከፈተው ስንጥቅ ውሃ ይስባል። «ከየት ገባ?» እያሉ ሬዚን በሬዚን የሚደርቡ ሰዎች ብዙ ጊዜ ነገሩ ይህ ነው።

ስትሞክር ጠዋት ሞክር፣ ነፋሱ ሳይነሳ። ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ከሰዓት ነፋስ ሲመታው አጫጭርና ተከታታይ ማዕበል ያነሳል። 4 ሳንቲ ሜትር ሮከር ለዚያ አይበቃም። አባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት በኩል አትሂድ፣ ጉማሬ አለ። ላይፍ ጃኬት ሳትለብስ ደግሞ ጭራሽ አትግባ።

ለከሰዓቱ ማዕበል አዲስ መሥራት ካማረህ፣ ርዝመቱን 3.20፣ ስፋቱን 75፣ ውፍረቱን መሃል ላይ 12 ሳንቲ ሜትር አድርገው። ሆዱ መሃል ላይ ከአንድ ሜትር በላይ ጠፍጣፋ ይሁን፤ እዚያ ላይ ነው የሚፈጥነው። አፍንጫው ከ12 እስከ 15፣ ጅራቱ 4 ወይም 5 ሳንቲ ሜትር ቀና ይበል። ቅስቱን መጀመሪያ ከመሃል የሚያልፈው አከርካሪ እንጨት ላይ ቁረጠው። ከዚያ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ከመሃል ጀምረህ ወደ ጫፍ በሞርሳ እየያዝክ አልብሰው፤ ከጫፍ ከጀመርክ መሃሉ ይነፋብሃል።

ኮምፔንሳቶውን ሳትገዛ ከሻጩ ቁራጭ ለምንና ቤትህ አንድ ሰዓት ቀቅለው። ንብርብሩ ከተላቀቀ ኮላው ለውሃ የሚሆን አይደለም፣ ሻጩ የፈለገውን ቢምልልህም።