«አጣሁ» ሁሉ «ሎስት» አይደለም

ጥያቄ፦ ሰላም መምህር። 12ኛ ክፍል ጨርሼ ለውጭ አገር የትምህርት ዕድል ደብዳቤ እየጻፍኩ ነው። ያሳለፍኩትን ለመናገር «አይ ፓስድ ሜኒ ፕሮብሌምስ»፣ «አይ አም ፍሮም ፕሮብሌም ፋሚሊ»፣ «አይ ሎስት ፉድ» ብያለሁ። እናቴ ጠላ እየሸጠች እንዳስተማረችኝም ጽፌያለሁ። ጓደኛዬ «ሃርድሺፕ» እና «ዲፕሪቬሽን» የሚሉትን ጨምሪበት ትላለች። የቱ የት ይግባ?
አንባቢ፣ ከሞጣ

መልስ፦ እህት ዓለም፣ አረፍተ ነገሮችሽ በአማርኛ ቢሆኑ አንድም እንከን የላቸውም። የእኛ «ችግር» ብዙ ነገር ይሸከማል። ስልክ ሲበላሽም ችግር ነው፣ ቤት ውስጥ እህል ሲጠፋም ችግር ነው። እንግሊዝኛ ይለያቸዋል። «ፕሮብሌም» መፍትሔ የሚፈለግለት አንድ ጉዳይ ነው። ኑሮ ከብዶ የቆየበት ጊዜ ግን «ሃርድሺፕ» ነው። «ፓስ» ደግሞ ለፈተና ይሁንልሽ። «አይ ዌንት ስሩ ኤ ሎት ኦቭ ሃርድሺፕ» በይ።

«ፕሮብሌም ፋሚሊ» የሚለውን ግን ዛሬውኑ ሰርዢው። ችግረኛ ቤተሰብ ማለት አይደለም። ጎረቤት የሚያውክ፣ አስቸጋሪ ቤተሰብ ማለት ነው። እናትሽ እንዲህ መባል የለባትም! «ኤ ፑር ፋሚሊ» ይበቃል፤ ነውርም የለውም።

አሁን ወደ «አጣሁ» እንምጣ። እኔ 9ኛ ክፍልን የተማርኩት ፍኖተ ሰላም ቤት ተከራይቼ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ገጠር ሄጄ ስንቅ አመጣለሁ። አንድ ሰኔ ላይ ወንዙ ሞልቶ ሳልሄድ ቀረሁ። የነበረችኝ ድርቆሽ እስከ ረቡዕ ማታ አደረሰችኝ። ሐሙስን ውሃ ጠጥቼ ክፍል ገባሁ። ያንን ቀን «አይ ሎስት ፉድ» ብዬ ብጽፈው፣ ፈረንጁ የሚረዳው ምግቤ የሆነ ቦታ እንደጠፋብኝ ነው። «ሎስት» ለመባል መጀመሪያ በእጅ መኖር አለበት። የእኔ ሐሙስ «አይ ዌንት ዊዝአውት ፉድ» ነው። ሥራም እንደዚሁ። «ሂ ሎስት ሂዝ ጆብ» ካልሽ ሰውዬው ሥራ ነበረው፣ አሁን የለውም። ፈልጎ ያላገኘው «ሂ ኩድ ኖት ፋይንድ ኤ ጆብ» ይባላል።

«ረሃብ»ም ሁለት ቦታ ይከፈላል። አገር የጎዳው የ1977ቱ ረሃብ «ፋሚን» ነው። የእኔ ሐሙስ «ሀንገር» ነው። አንዱን በሌላው ቦታ አታስገቢ።

«ዲፕሪቬሽን» ከበድ ያለ፣ የሪፖርት ቃል ነው፤ ደብዳቤሽ ላይ ባይገባ እመርጣለሁ። ግሡን «ዲፕራይቭ»ን ከፈለግሽው ግን ለእኛ «ነፈገ» ይቀርባል። የሚያስፈልግሽ ወይም የሚገባሽ ነገር ሲከለከል ማለት ነው። የሚከተለው «ኦቭ» ነው፦ «ሺ ዎዝ ዲፕራይቭድ ኦቭ ኤጁኬሽን»። እኛ «ከትምህርት ታገደች» ስለምንል እጃችን ወደ «ፍሮም» ይሄዳል። ተማሪዎቼ በየዓመቱ እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። «ፖቨርቲ» መጨረሻው ላይ «ስ» እንደማይጨመርበትም ያዢ።

ስለ እናትሽ የጻፍሽውን አትንኪው። ጠላ ምን እንደሆነ ለማያውቅ አንባቢ «ሆምሜድ ቢር» ብለሽ በሁለት ቃል አስረጂና ቀጥይ። ከዚያ በፊት «ሃርድሺፕ» አንዴ ከገባ በቂ ነው። ስታስተካክዪው መልሰሽ ላኪልኝ፣ የማመልከቻው ጊዜ ሳይዘጋ አነበዋለሁ።