ሁለት ሞተር፣ አንድ ኮንትሮለር

ከኮምቦልቻ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ጀሪካን ለማመላለስ ጋሪ ሠርተሃል። ግራና ቀኝ ባለ 48 ቮልት፣ 500 ዋት ብራሽለስ (ብሩሽ የሌለው) ሞተር ጎማ ገጠምክ። የሁለቱንም ወፋፍራም ሽቦ አንድ ባለ 1000 ዋት ኮንትሮለር (ለሞተሩ ኃይል የሚመጥነው ሳጥን) ላይ አሰርክ። ጋሪው ተንቀጠቀጠ፣ ኮንትሮለሩም ጋለ። «ፋብሪካ ውስጥ አንድ ድራይቭ (የፋብሪካ ኮንትሮለር) ሦስት ሞተር ሲያዞር አይቻለሁ፤ የኔ ለምን እምቢ አለ?» ነው ጥያቄህ።

አብሽር፣ የዋት ማነስ አይደለም። ፋብሪካ ያየኸው ኢንዳክሽን ሞተር ይመስለኛል። እሱ የሚዞረው አካሉ (ሮተሩ) ላይ ማግኔት የለውም፤ ትንሽ ወደኋላ ቢቀርም መዞሩን ይቀጥላል። ያንተ ማግኔት አለው። ኮንትሮለሩ ማግኔቱ የት እንደደረሰ በሆል ሴንሰር (ማግኔት በሚለይ ትንሽ መሣሪያ) እያየ ነው ለቀጣዩ ሽቦ ኃይል የሚሰጠው። መንዙማ ላይ ድቤ መቺው አውጪውን እየሰማ እንደሚመታው ማለት ነው። ሁለት አውጪ የየራሱን ቢል ማንን ይከተል? ደግሞ ጋሪው ሲታጠፍ የውጪው ጎማ ረዘም ያለ መንገድ ይሄዳል። እርምጃቸው በምንም አንድ አይሆንም። ከምቱ የወጣው ሞተር ሳይሠራ አምፔር ይጠጣል፤ መጨረሻ ላይ ሞስፌት፣ ማለትም ኮንትሮለሩ ውስጥ ኃይሉን የሚያበራና የሚያጠፋው ማብሪያ፣ ይቃጠላል።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሞተር የራሱን ኮንትሮለር ግዛ። የሚጋሩት ባትሪውንና የጋዝ እጀታውን ነው። የእጀታውን ቀይና ጥቁር ሽቦ ከአንደኛው ኮንትሮለር ውሰድ። የእጀታውን ትእዛዝ የሚያደርሰውን የሲግናል ሽቦ፣ ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ነው፣ ለሁለቱም አካፍል። ጥቁሮቹን አገናኝ። የሁለተኛውን ባለ 5 ቮልት ቀይ ግን በቴፕ ሸፍነህ ተወው። ሁለቱ ሞተሮች አብረው ከ20 አምፔር በላይ ይስባሉ፤ የባትሪው ሽቦ ወፍራም ይሁን፣ ለእያንዳንዱ ኮንትሮለር የየራሱ ፊውዝ አድርግለት። ሞተሮቹ ፊት ለፊት ስለተገጠሙ አንዱ ወደኋላ መዞሩ አይቀርም። ብዙ ኮንትሮለር አቅጣጫ የሚያስለምድ ጥንድ ሽቦ አለው። ጎማውን ከመሬት አንስተህ እነዚህን ሁለት ሽቦዎች አገናኛቸው።

አሮጌውን ኮንትሮለር ከመጣልህ በፊት ፈትሸው። ባትሪውን ንቀል፣ አንድ ሞተር ብቻ እሰርበትና ጎማውን በእጅህ አዙር። እየያዘ፣ ገታ ገታ እያለ ካስቸገረህ ሦስቱን ወፍራም ሽቦ ንቀል። ያኔ ለቀቅ ካለ ሞስፌቱ ተቃጥሎ ሾርት ሆኗል ማለት ነው። ተነቅሎም ከከበደ ችግሩ ሞተሩ ጋ ነው።

ሲሠራልህ መጀመሪያ ሜዳ ላይ፣ ያለ ጭነት ሞክረው። የሐረጎን ዳገት ለመውጣት አትቸኩል። ሞተር በዳገት ቀስ ሲል ነው ብዙ አምፔር የሚስበው። አምስት ደቂቃ ነድተህ የሁለቱንም ሞተር እምብርት በእጅህ ዳስስ፤ አንዱ ለብቻው ከጋለ አቁምና ጻፍልኝ።